ሁለት ሙክት ለአማቼ

ሞላሌ፣ ግንቦት 1991 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? በረሃው እንዴት አድርጎ ይዞሃል? ሐሩሩ፣ አቧራው፣ አብረውህ ያሉት ልጆች፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ጋ ጉሙ እንደ ወትሮው እስከ ረፋድ ሜዳው ላይ ተኝቶ ያረፍዳል። በልጉ ከሽፏል፤ ገብሱ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትህ በስተቀር» የምትለዋን የአማርኛ መምህራችን በየደብዳቤው እያገኘኋት ታከተኝ ስላሉ ትቻታለሁ፤ አንተ ግን ከነቦታዋ እንዳለች ቁጠርልኝ።

ጉዳዬን በንስሐ ልጀምር። እኔ ኃጢአተኛይቱ እህትህ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ፣ አያታችን አባባ ለአንተ ብለው ያስለወሱትን ጭኮ እኩሌታውን እንደበላሁ በዚህ ጽሑፍ አረጋግጣለሁ። በስግብግብነት አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ፣ እንደ መድኃኒት ነው የወሰድኩት። አባባ የቅሉን ክዳን አንስተው ጉድጓዱን ባዩ ጊዜ ድመቷን ጠረጠሩ። ድመቷ መማል ስለማትችል ቶሎ ተፈረደባት። የተረፈውን የሚያመጣልህ አብነት ነው፤ የሕመም ፈቃዱ አልቆ ወደ እናንተ ይመለሳል። ከተረፈውም ላይ ጎድሎ ብታገኘው አትጩህበት፤ ቀምሶ ከሆነ ከእኔ ተምሮ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ከዚህ በታች ያለውን ብቻህን ሆነህ አንብብ። አጠገብህ ሰው ካለ ደብዳቤውን አጥፈህ ኪስህ ክተትና ጭኮውን ብላ። ስትመዘገብ «የማን ልጅ?» ሲሉህ በአባባ ስም «የወዳጆ» ማለትህን አልረሳሁም። አብነት ሁሉን ያውቃል፤ አፉ ግን የተሰፋ ነው።

አባዬን ሊወስዱት ነው።

እንዴት እዚህ እንደደረስን በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው በሌላ መልክ ይነግርሃል።

መቼም አባዬ ከአስመራ ወፍጮ ሊተክል መጥቶ፣ እማዬን አይቶ፣ ራሱ ተተክሎ የቀረ ሰው ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንኳ ወደ አገሬ ልመለስ ሲል የሰማው የለም። ከሞላሌ የሚወጣው ለመለዋወጫ ዕቃ ብቻ ነው። አባባ ግን ከወፍጮው ሥር ሳያስነሱት ሦስት ጊዜ አገር አስቀይረውታል።

በደርግ ጊዜ ሬዲዮው የሰሜኑን ጦርነት እያነሳ «ወንበዴ ይደመሰሳል» ሲል፣ አባባ ገበያ መሃል ቆመው «አማቼ የወሎ ሰው ነው» ይሉ ነበር አሉ። የአባዬን አማርኛ የሰማ ሁሉ የወሎ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የአባባ ዱላ ረጅም ስለነበር ግን የተከራከረ የለም። እኔንም አንተንም ትምህርት ቤት በራሳቸው ስም ያስገቡን ያኔ ነው። አባዬ ሞተሩን ከፍ አደረገ።

ከዚያ ደርግ ወደቀ፤ ወንበዴ ሲባሉ የነበሩት ሰዎች ሬዲዮው ውስጥ ገብተው ማውራት ጀመሩ። አሁን «የወንድም ሕዝብ ውሳኔ ይከበራል» ሆነ። አባባም ውለው ሳያድሩ አባዬን ከወሎ አንስተው አስመራ መለሱት። «አማቼ አስመሬ ነው» አሉ በዚያው ገበያ። «እናንተ ታውቃላችሁ፤ ደብቄ አላውቅም።» በ1985 ሚያዝያ ኤርትራ ነጻ ትውጣ አትውጣ የሚል ድምፅ የሚሰጥ ጊዜ ተወላጆች ባሉበት ሆነው ይምረጡ ተባለ። ከወረዳ ድረስ ሰው መጥቶ «መብትዎ ነው፤ ቢቀሩ ነው የምንቀየመው» አለው ለአባዬ። አባዬ ወፍጮ ማቆም አይወድም፤ ልሂድ አልሂድ ሲል አባባ በገዛ በቅሏቸው ጭነው፣ በሽለላ፣ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙት። አርብ አዲስ አበባ መርጦ እሁድ ሲመለስ ሁለት ሙክት ጥለው ጠበቁት። ትዝ ይልሃል፣ አንተ ላት አብዝተህ ሁለት ቀን ተኛህ። «አማቼ መርጦ መጣ!» ሲሉ አመሹ። ምን ብሎ እንደመረጠ የጠየቀው ሰው የለም። ዋናው መምረጡ ነበር።

አምና በዚህ ወር ሬዲዮው እንደገና ዞረ። ወንድም ሕዝብ ያለው አፍ «ወራሪ» አለ። አባባ ሬዲዮውን አጥፍተው «እንግዲህ ሃብቶምን ወደ ወሎ እመልሰዋለሁ» አሉ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። በዚህኛው ዙር እኮ አገር ሁሉ የምርጫውን ሙክት በልቷል።

አንተ ለምን እንደዘመትክ አውቃለሁ። ልጁ ግንባር ያለን ሰው ማን በክፉ ያየዋል ብለህ ነው። ልክ ነበርክ፣ ለጥቂት ጊዜ።

የባድመው ውጊያ ወሬ በደረሰ ሰሞን ነገሩ ተለወጠ። ሰው እህሉን ያመጣል፣ ግን እስኪፈጭለት ድረስ ወሬ የለም፤ ሞተሩ ብቻ ነው የሚያወራው። እትዬ አልጣሽ የልጇ መርዶ በተነገራት ሳምንት አንድ ቁና ገብስ ይዛ መጣች። ተፈጭቶ ሲያልቅ ዱቄቱን አታነሳም፤ ቆማ ታየዋለች። ምን ጨመረበት ብላ እንደፈራች ገባን። አባዬ ሞተሩን አጠፋ። እጁን ሰደደና አንድ ጭብጥ ዘግኖ፣ እንዲሁ ደረቁን፣ በፊቷ ቃመው። እስኪውጠው ድረስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ከዚያ አነሳችው። ስትወጣ «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለችው። አፉ ዱቄት ሆኖበት ራሱን ብቻ ነቀነቀላት። መፍራት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ የመንግሥት ሰዎች መጡ። «ከላይ ነው የመጡት» አሉ አባባ፤ እንደሚሉት ከሆነ ከደመና የወረዱ ይመስላል፤ የመጡት ግን በአቧራ በላንድ ክሩዘር ነው። የሚሉት አጭር ነው፦ በ1985 የመረጠ ሰው ያን ጊዜ አገሩን መርጧል፤ ወደ መረጠው አገር ይሂድ። አባዬ መምረጥ አለመምረጡን ደግሞ የአገር ሽማግሌ ጠይቀን እናረጋግጣለን።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገብተው መከሩ። እኔ ጠላ እቀዳለሁ ብዬ ገባሁ፤ ጠላ ስቀዳ ማንም አያየኝም፤ ይህን ጥበብ ለአንተ አስተምሬህ ነበር፣ አልጠቀመህም። «ያ ድግስ ለሃብቶም አልነበረም፤ የዳግም ትንሣኤ ነበር» እንዲባል ተስማሙ። መምሬ ኃይለ ኢየሱስ ግን ተጨነቁ፤ ውሸት እንዳይሆንባቸው። ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፉ፣ ወደ ፊት መለሱ፣ በመጨረሻ ፊታቸው በራ። «ዕለቱ በእርግጥም ዳግም ትንሣኤ ነበረ» አሉ። «ዳግም ትንሣኤ ነበረ ያለ ሰው እውነት ተናገረ። የቀረውን ያልተናገረ ደግሞ አንደበቱን ጾመ።»

ጠላ ሻጯ እትዬ ጌታነሽ «መምሬ፣ ይቺን ትርጓሜ በሰማይ ለጌታ ሲያስረዱለት አጠገብዎ ባደረገኝ» አለቻቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መምሬም ሳቁ። አባባ ግን ተኮሳተሩ። «የእኔ ሙክትስ?» አሉ።

«የምን ሙክት?»

«ሁለቱ ናቸዋ! ለዳግም ትንሣኤ ሁለት ሙክት ጣለ ቢባል ማን ያምናል?»

መምሬ ለማስታረቅ «እንግዲያው አንዱን እንርሳው» አሉ። ስንት ጭቅጭቅ መሰለህ! የትኛውን እንርሳ ተባለ፤ ትንሹን ይሁን ተባለ፤ አባባ ትንሽ የሚባል አልነበረም አሉ። ሲመሽ አንዱን ለመርሳት ተስማሙ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያዝኑ ነበር፤ የዚያን ሙክት ለቅሶ ብቻቸውን ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው አፌን በነጠላ ይዤ እስቅ ነበር። ያንን ሳቅ አሁን ባገኘው አስቀምጠው ነበር።

በማግስቱ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ጠያቂው ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል። ጯሂ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አባዬን ከፊት አስቀመጡት። ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረ፤ ታጥቦ እንኳ የማይለቀው ያ ዱቄት።

መምሬ አንደበታቸውን ጾመው በደህና አለፉ። ከዚያ እትዬ ጌታነሽ ተጠየቀች። የተባለውን ብቻ ብላ ብትቀመጥ ምናለ! ግን ታውቃታለህ፤ ጨው ያላበዛችበት ወጥ የላትም። «የምን ድግስ?» አለች። «የማን? የወዳጆ? ኧረ የኔ ጌታ፣ እሳቸው ሊደግሱ! እሳቸው እኮ በገዛ ልጃቸው ሠርግ አንዲት ጠቦት አርደው፣ ሰው አጥንት ሲያሸት ነው የዋለው። የዚያን ለታም የታረደችው አንዲት የከሳች በግ ናት፤ ለዚያውም በክት ልትሆን ስትል ቢላዋ የደረሰላት።»

ለአባዬ ብላ ነው። ነፍሷን አስይዛ ነው የዋሸችው። ሰው «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ፤ አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ግን አባባን ነበር የማየው። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር።

ተራቸው ደረሰ። ጠያቂው ልጅ ተነሳላቸው፤ አስቀመጣቸው። «አባት፣ እንዲያው እንደተባለው አንዲት የከሳች በግ ናት?» አላቸው። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ብልጥ ይሁን የዋህ እስካሁን አልለየልኝም።

አባባ ከተቀመጡበት ተነሱ። ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

«ሁለት ሙክት ነው የጣልኩት!» አሉ። «ሁለት! አንደኛው ሁለት ዓመት የተቀለበ፣ ላቱ መሬት የሚጠርግ! ለአማቼ! መርጦ ሲመለስ! እዚህ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በልቷል፤ ይቺ ሴትዮ ራሷ ጎድን ተሸክማ ነው የወጣች!»

 ልጁ ቀስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባት» አለ። አባባ ገና አልገባቸውም፤ ደረታቸውን ነፍተው ሰዉን እያዩ የሚመሰክርላቸው ይጠብቁ ነበር። እትዬ ጌታነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባባ እሷን አዩ፤ ከዚያ አባዬን አዩ። ያኔ ገባቸው። እሳቸው ረጅም ሰው አይደሉ? ሲቀመጡ አጭር ሆነው ተቀመጡ።

«ምረጥ ያለው እኮ መንግሥት ነው» አሉ። «ሰው ልካችሁ። ብትቀር እንቀየምሃለን ብላችሁ።»

«አዎ አባት። ያን ጊዜ ሰላም ነበር» አላቸው ልጁ።

«እንግዲያው ዋሽቻለሁ። ምንም አልጣልኩም። ንፉግ ነኝ እኔ። ንፉግነቴን እሷን ጠይቃት። ጌታነሽ፣ ንገሪው እንጂ!»

እትዬ ጌታነሽ ከነጠላዋ ሥር ታለቅስ ነበር። ልጁ በአክብሮት፣ እውነቴን ነው በሙሉ አክብሮት፣ «እንደ እርስዎ ያለ ሽማግሌ አይዋሽም» አላቸው።

መምሬ ወደ አባዬ ጆሮ ጠጋ ብለው «ልጄ ዘማች ነው በላቸው፤ ይተዉህ ይሆናል» ሲሉት ሰማሁ። አባዬ ዞሮ እንኳ አላያቸውም። «የዘመተው የወዳጆ ልጅ ነው» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማው። ከዚያ በኋላ የአንተን ነገር ያነሳ ሰው የለም፤ የገባው ሁሉ ገብቶታል።

እስኪወስዱት ድረስ ወፍጮ ቤቱ ግቢ እንዲቆይ ፈቅደውለት፣ በር ላይ አንድ ፖሊስ አስቀምጠዋል። አባዬ የወፍጮውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ፈትቶ ሰቀለው፤ ሞተሩን በግሪስ አሸ፤ ድንጋዩን ወቀረ። ማን እንዲፈጭበት እንደሆነ እንጃ። እየወቀረ ሳለ «ያን ጊዜ ምን ብለህ መረጥክ?» አልኩት። መዶሻውን አስቀመጠ። «ይህን የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለኝና ሳቀ። ግን አልነገረኝም። መንገድ ላይ እጠይቀዋለሁ።

በአባባ ላይ ከእንግዲህ አልቀልድም ብዬ ምዬ ነበር። ግን ምን ላድርግ፣ እሳቸው ራሳቸው አያስችሉኝም። ባናቸውን፣ ያን ከበግ ጠጉር የተሸመነውን ከባዱን፣ ክረምት ከበጋ የማይወልቀውን፣ አምጥተው አባዬን «ይህን ይዘህ ካልሄድክ በእግዜር ይዤሃለሁ» አሉት። የሚሄደው በረሃ ነው፣ ድንጋይ የሚያቃጥል አገር ነው ብንላቸው አልሰሙም። «ሌሊት ይበርዳል» አሉ። አባዬም ተቀበለ። አሁን አባባ ከወፍጮ ቤቱ በር ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ ሰላም ሳይሉ፣ «ንፉግ ነኝ እኮ» ይላሉ። ሰው ራሱን አቀርቅሮ ያልፋል።

አብነት የነገረኝን ልንገርህ፤ አንተ ይበልጥ ታውቀዋለህ። አውቶቡሶቹ በአፋር በረሃ አድርገው በእናንተ በኩል፣ በቡሬ ነው የሚወርዱት ይላል። መጨረሻው ላይ ሰዎቹን ያወርዷቸዋል፤ ከዚህኛው ምሽግ እስከዚያኛው ምሽግ ያለውን ሜዳ፣ ዕቃቸውን ተሸክመው፣ በእግራቸው ያልፋሉ። ከሁለቱም ወገን ድምፅ አይሰማም ይላል። መሬቱ ፈንጂ ስላለበት የፊተኛውን ዱካ እየረገጡ ነው የሚሄዱት።

እንግዲህ ወንድም ዓለም፣ በዚያ ሐሩር የመንዝ ባና ተሸክሞ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ የሚሄድ ሰው ብታይ ማን እንደሆነ አውቀሃል። ከኋላው ዱካውን እየረገጠ የሚሄድ ሌላ ሰው ብታይ ደግሞ አትደንግጥ። እጅህን አታንሳ። ስማችንን አትጥራ። እንደማታውቅ ሆነህ ቁም፤ አጠገብህ ያለው ልጅ ቢጠይቅህ «ምን ዓይነት ሞኝ ነው ባና የተሸከመ» ብለህ ሳቅ። አደራህን፣ ጮክ ብለህ ሳቅ፤ እንድንሰማህ።

ትንሽ ትንሽ ነገሮች ቀርተውኛል። ዶሮዎቼን ለእትዬ ጌታነሽ ሰጥቻታለሁ። አንደኛዋ ተቆናጣጭ ናት፤ ይስማማሉ። የሰኔው ፈተና ብዙም አላሳሰበኝም። ለአባባ ሬዲዮ ማንም እንዳይከፍትላቸው ለመምሬ ነግሬያለሁ፤ እንደገና ቢዞር አይችሉትም። ፈቃድ ስታገኝ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሂድ። የበሉትን ሙክት አንስተህ አመስግናቸው፤ ሁለት እንደነበሩ፣ ላቱም መሬት ይጠርግ እንደነበር ንገራቸው። ድመቷንም ይቅርታ ጠይቅልኝ። ሁለት ቀሚስ ደርቤ ስለለበስኩ ለመጻፍ ክንዴ አልታጠፍ ብሎኛል፤ የፊደሌን መጥፎነት በእሱ ቁጠርልኝ።

ትናንት ከፖሊሱ ጋር ተጨዋወትኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የራቤል አገር ልጅ ነው፤ እናቱም በጎች አሏት። አንድ ነገር ለመንኩት፤ «አስበሽበታል?» አለኝ፤ አዎ አልኩት። ዝርዝሩ ላይ እንድጽፈው ስምሽን ሙሉውን ንገሪኝ አለኝ፤ ነገርኩት። ለአባዬም ለአባባም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።

እመቤታችን ትሸፍንህ። ከወዲህ የሚተኮሰውንም ከወዲያ የሚተኮሰውንም በቀሚሷ ታምክንልህ። ያዘዘህ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ አንተ በሕይወት የምትኖር ያድርግህ። የእማዬ አምላክ፣ አንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ባንቀመጥ እንኳ በአንዲት ፀሐይ ሥር ያኑረን።

አብነት አጠገቤ ቆሞ «ጨርሺ፣ መኪናው ሞተሩን አስነስቷል» ይለኛል። ወረቀቱን ከሥሬ ሊስብ እጁን ዘርግቷል። አባዬ ባናውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጥቷል፤ እኔ ከወፍጮው ጀርባ እንዳለሁ አያውቅም፤ ልሰናበተው እንደምሮጥ ነው የሚያስበው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ይፈልገኛል። አየኝ።

«ጽናት ሃብቶም!»

አባባ ከድንጋዩ ላይ ተነሱ። አባዬ ዞረ። ወንድም ዓለም፣ በዚህ ስም ስጠራ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

አቤት ብያለሁ።

ታናሽ እህትህ